ስለ ተሰወረው የጉበት በሽታ

የበሽታ ጠባይ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ገና እንደ ገባ በትኩሳትና በሥቃይ ራሱን ያስታውቃል፤ ሌላው ግን በሰው ገላ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ጕዳቱ ከበዛ ወዲያ ይገለጣል። ሐኪሞች ሄፓታይተስ ሲ ብለው የሚጠሩት የጉበት በሽታ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው ደጋ አገር፣ በፋርጣም በእስቴም በጋይንትም፣ ሕዝቡ የጉበትን ሕመም የሚያውቀው የወፍ በሽታ በሚለው ስም ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ የወፍ በሽታ ያዘው ይባልና ወደ መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል። ነገር ግን ሄፓታይተስ ሲ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ቢጫ አይሆንም። ስለዚህ ይህን ምልክት የሚጠብቅ ሰው ጉበቱ እየደነደነ ሲሄድ ሳያውቀው ይኖራል።

ዛሬ ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ወንድሞቻችን ነገር ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከሁሉ ይልቅ የሚተላለፈው በደም ነው፤ ይኸውም ንጹሕ ባልሆነ መርፌ፣ በምላጭና ሳይመረመር በተሰጠ ደም ነው። በባልና በሚስት መካከል በሩካቤ መተላለፉ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ከ1992 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በለንደን፣ በፓሪስና በአምስተርዳም ያሉ ሐኪሞች፣ ኤች አይ ቪ ካለባቸውና ከወንድ ጋር ከሚተኙ ወንዶች መካከል፣ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ወስደው የማያውቁ ሰዎች በግብረ ሥጋ ምክንያት በዚህ በሽታ ተይዘው አገኙ። በዚያን ጊዜ ገላ ሲቆስል ደም ከደም ይገናኛልና ነው፤ ሌላ የአባለ ዘር በሽታ ካለ ደግሞ መንገዱ ይሰፋል።

ይህ ነገር በአገራችን ሕግ የተከለከለ፣ ቤተ ክርስቲያንም የምታወግዘው ሲሆን ስለ ምን ይጻፋል የሚል አይጠፋም። የዳኛ ሥራ ሌላ ነው፤ የሐኪም ሥራ ሌላ ነው። በኀፍረት ወይም በፍርሃት ምክንያት ለሐኪሙ እውነቱን ያልተናገረ በሽተኛ የሚገባውን ምርመራ ሳያገኝ ይቀራል፤ የእርሱ ዝምታም ለራሱ ሞትን፣ ለሌላው በሽታን ያተርፋል እንጂ ማንንም አያንጽም።

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለ ዋጋ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው ኤች አይ ቪን በግብረ ሥጋ እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። ይህ ታላቅ በረከት ነው። ዳሩ ግን ያ መድኃኒት ሄፓታይተስ ሲን አይከለክልም፤ በዚህ ተማምኖ ኮንዶምን የተወ ሰው በአንድ ወገን ተጠብቆ በሌላው ወገን ያለ ጋሻ ቆሟል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙም የጉበቱ ጕዳት ይፋጠናል።

የሚያጽናናው ነገር መድኃኒት መገኘቱ ነው። ይህ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1981 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚሁ ሥራ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ የተባሉት ሊቃውንት በ2013 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ክኒን ከመቶው ሕመምተኛ ከ95 የሚበልጠው ይድናል። ይሁን እንጂ ክትባት የለውም፤ የዳነም ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያው የደም ምርመራ በሽታው ካለፈ በኋላም ምልክቱን ያሳያልና፣ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል።

እንግዲህ በጤና ሥራ ላይ የተሾሙ ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ነው፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚታደልበት ክፍል የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ አብሮ ይደረግ፤ ለሚያሠጋቸውም በየዓመቱ ይደገም። በደብረ ታቦር ሆስፒታል ብቻ ሳይወሰን፣ ከጉና ተራራ ማዶ ወዳሉት ጤና ጣቢያዎች የሚደርስበት መንገድ ይፈለግ። ካህን የንስሓ ልጁን ምሥጢር እንደሚጠብቅ፣ ሐኪሙና መዝገብ ያዡም የበሽተኛውን ቃል ይጠብቁ፤ ምሥጢሩ የማይጠበቅለት ሰው ተመልሶ አይመጣምና።

ካህናትም በዚህ ነገር ታላቅ ሥልጣን አላቸው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ባስተማሩ ጊዜ፣ መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ጕድለት ይመስለው ለነበረ ሕዝብ ትልቅ ዕረፍት ሆነለት። ወንጌልን የጻፈው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። እንደዚሁ የንስሓ አባት፣ ልጁ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ መሆኑን ሲያውቅ፣ ጉበትህን ተመርምረሃልን ብሎ ቢጠይቀው ሥራው ከአባትነቱ የወጣ አይሆንም።