የምንነግደው ቡና ነው ወይስ ዶላር?

የዕለቱ ዋጋ ኒውዮርክ ሲዘጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። አሁን ግን ከዋጋው በፊት ስለ ራሳችን ትንሽ ላውራ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ትናንት 21 ነበር። እንደ ወትሮዬ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቼ በእግሬ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ካስቀደስኩ በኋላ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ኒውዮርክ ገና አልተከፈተም፤ ስልክ አይጮህም፣ ደላላ አይደውልም። ሆን ብዬ ሁለት አሮጌ ደብተር ይዤ ነበር የወጣሁት፤ አንዱ የ2011፣ ሌላው የ2015።

የ2011ዱ ደብተር ከዳር እስከ ዳር ቡና ነው። የየትኛው ጣቢያ ቡና መቼ እንደታጠበ፣ እርጥበቱ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው አቅራቢ ልጁን ሊድር ስለሆነ ቅድሚያ ክፍያ እንደሚፈልግ ሳይቀር ተጽፏል። የ2015ቱን ስገልጠው ከአሥር ገጽ ሰባቱ የመኪና ጎማ ነው። ኤል ሲ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ቀረጥ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ መርካቶ የተበተነ ዱቤ። ቡናው በየገጹ ጥግ ተገፍቶ ቀርቷል። አንድ ሰው፣ አንድ ፈቃድ፣ ግን ሌላ ሥራ።

እኔ ትንሽ ላኪ ነኝ። ደህና ዓመት ከሆነልኝ ስድስት ሰባት ኮንቴነር እልካለሁ። እንዴት ጎማ ውስጥ ገባሁ? እናንተ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችሁም በብረት፣ በመለዋወጫ ወይም በመኪና በኩል ገብታችሁበታል።

ለአዳዲስ ተከታታዮች ላስረዳ። በዚያን ጊዜ በባንክ የሚታወቀው የዶላር ዋጋና የጥቁር ገበያው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ ነበር። ከለውጡ ዋዜማ ባንክ 57 ብር ገደማ ሲል ውጪው ከ100 በላይ ነበር። ለአስመጪ ደግሞ የባንክ ወረፋው አያልቅም። ስለዚህ ዶላር ያለው ሰው ሁሉም አለው። ስሌቱ ለምሳሌ እንዲህ ነበር፦ ቡናውን ገዝቼ፣ አበጥሬ፣ ጅቡቲ ለማድረስ 100 ብር አወጣለሁ፤ ሸጬ በባንክ ዋጋ ስመነዝረው 90 ብር ይሆናል። 10 ብር ከሰርኩ። ግን ከዶላሩ ለኔ በሚቀረው ጎማ አስመጥቼ፣ መርካቶ ላይ በጥቁር ገበያው ልክ እሸጠዋለሁ። የቡናው ጉድጓድ በጎማው ይደፈናል፣ ይተርፋልም።

በወረቀት ላይ ብልህነት ነው። ነገር ግን በዚህ ስሌት ቡና ሸቀጥ መሆኑ ይቀራል፤ የዶላር መግቢያ ትኬት ይሆናል። ትኬት ደግሞ ማንም አይቀምሰውም፣ ማንም እርጥበቱን አይለካውም።

የመጀመሪያውን ዋጋ የከፈልኩት በ2015 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከኔ የገዛ አውሮፓ ያለ ደንበኛ ነበረኝ። ናሙና ላክሁ፣ ቀመሰው፣ ወደደው፣ ኮንትራት ተፈራረምን። የተጫነው ቡና ግን ከናሙናው ጋር አልገጠመም፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሲበጠርና ሲጫን ቆሜ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የት ነበርኩ? ሞጆ፣ ጎማ ሳስለቅቅ። ሰውየው አልተቆጣኝም። የዋጋ ቅናሽ ወስዶ ኮንትራቱን ጨረሰ፣ ከዚያ በኋላ ግን ናሙና ጠይቆኝ አያውቅም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን ዶላር ከ74 ብር አለፈ፣ ብዙም ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። እጄ ላይ የነበረው ጎማ ለጊዜው ዋጋ ጨመረልኝ፣ አልዋሽም። ድጋሚ ላስመጣ ስል ግን የሚያስፈልገኝ ብር እጥፍ ሊሆን ደረሰ። የምንበላው ያን ልዩነት ነበር፤ ልዩነቱ ሲጠብ ሥራው አብሮ አለቀ።

እሺ፣ ወደ ቡናዬ ልመለስ አልኩ። ልብ በሉ ጊዜውን። በታኅሣሥ 2017 የኒውዮርክ አረቢካ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። በየካቲት ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ነበር። ሀገራችን በ2016 በጀት ዓመት ከቡና 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታ በ2017 ከ2.6 ቢሊዮን በላይ አስገባች። ዕድሜ ልካችን ስንጠብቀው የነበረ ዓመት መጣ።

እኔ ቡና አልነበረኝም።

አቅራቢዎቼ ጋ ደወልኩ። አንዱ በጨዋ ደንብ፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በደላላ ነው የጠየቅከኝ፤ እኔም ከመጣልኝ ሰው ጋር ተስማምቻለሁ» አለኝ። ምን እላለሁ? እውነቱን ነው። ስድስት ሰባት ኮንቴነር የምልክ ሰው ያን ዓመት ሁለት ላክሁ፤ እሱንም ከሰው እጅ በውድ ገዝቼ።

ትኩረት የሚባለው ነገር የምክር ወሬ የሚመስለው ካለ በቁጥር ላሳየው። አንድ ኮንቴነር 320 ጆንያ ነው፣ በ60 ኪሎ 19,200 ኪሎ። በፓውንድ 42,300 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ገበያው 1 ሳንቲም ሲንቀሳቀስ ኮንቴነርህ ላይ 423 ዶላር ይንቀሳቀሳል። 10 ሳንቲም ከሆነ 4,230 ዶላር። በየካቲት 2017 ደግሞ 10 ሳንቲም የአንድ ቀን ውዝዋዜ ነበር። ትልቁ ላኪ ገበያውን የሚከታተልለት ሠራተኛ አለው። ያንተ ዴስክ አንተ ነህ። ያን ቀን ጉምሩክ ተሰልፈህ ከዋልክ ዋጋ አልቆረጥክም፣ አልሸጥክም፣ ኪሳራህንም ያወቅከው ማታ ነው።

ከእንጦጦ ስወርድ ሽሮ ሜዳ አንዲት የማውቃቸው እናት ሱቅ ጎራ አልኩ። ነጠላና ቀሚስ ይሸጣሉ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ በኋላ መንገዱ በመኪና ሲሞላ፣ ልጆቻቸው የሱቁን ግማሽ ካፌ እናድርገው ብለው አስገድደዋቸው ነበር። ስምንት ወር ሞከሩት። «ቡናና ሻዩስ ተሸጠ፣ አልተሸጠም አልልም» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ሸማኔዬ ጥሩውን ሥራ ለጎረቤት መስጠት ጀመረ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እርስዎ ክሩን እየነኩ ስህተቴን ይነግሩኝ ነበር፤ አሁን ማን ያየዋል?› አለኝ።» ካፌውን ዘግተው ወደ ክራቸው ተመለሱ። ሸማኔው እሳቸውን ሲተው ያደረገውን ነው የኔ አቅራቢዎችም ያደረጉት። ጥሩ ዕቃ የሚሄደው ወደሚያየው ሰው ነው።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። «አንድ ነገር ላይ ተንጠልጥለህ ዋጋው ሲወድቅስ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቡና ይወድቃል፤ 4 ዶላር ያየ ዓይን 1 ዶላርንም አይቷል። በ2017 ስቶክ ይዘው ዋጋ ሲዞርባቸው የተጎዱም ነበሩ። ስለዚህ አንድ ብቻ ያዙ እያልኩ አይደለም።

የጌዴኦን አርሶ አደር ተመልከቱ። በአንድ ማሳ ላይ እንሰት አለው፣ ቡና አለው፣ ከላይ ጥላ ዛፍ አለው። ይህ አሠራር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቡናው ቢከስር እንሰቱ ያበላዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁሉም አንድ ማሳ ላይ ናቸው። ቡናውን ሊያይ ሲወጣ እንሰቱንም ያያል። ቡና ላኪ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ቢይዝ፣ ወይም በዚያው መጋዘን፣ በዚያው ማበጠሪያ፣ በዚያው ገዢ በኩል የሚሄድ ሌላ ነገር ቢጨምር፣ ማሳው አንድ ነው። እኔ ግን አንድ ማሳ ይርጋጨፌ፣ ሌላ ማሳ መርካቶ ከፈትኩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ ነገር ከዚህ በኋላ ይብሳል እንጂ አይቀልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ተግባራዊነቱ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፣ ግን አልተሻረም። የሚጠይቀው ቡናው የበቀለበትን መሬት መገኛ ነው። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ፣ ማለትም ለአብዛኛው የኛ አርሶ አደር፣ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። ቀላል ይመስላል። ግን አርሶ አደሩ ማን እንደሆነ የማያውቅ ላኪ ነጥቡን ከየት ያመጣዋል? ከደላላ? በዚህ በኩል ዩኒየኖች ከኛ ይሻላሉ፤ አባሎቻቸውን በስም ያውቃሉ። የዩኒየን አመራሮች ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን ብልጫ ሕንፃ በማከራየትና በሌላ ንግድ ሐሳባችሁን በትናችሁ እንዳትጥሉት። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1999 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዋናው ጉዳይ የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ ማድረስ ነበር። ያ ጉዳይ ዛሬም አላለቀም።

እኔ ከከሰርኩ በኋላ የያዝኳቸውን ሦስት ልማዶች ልንገራችሁ። ትልቅ ነገር አይደሉም።

1. ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት፣ ገበያ ሳይከፈት፣ አንድ ፈረሱላ እስከ ጅቡቲ ስንት እንደሚፈጅብኝ በእጄ እጽፋለሁ። ያን ቁጥር በቃሌ ካላወቅሁ የዚያን ሳምንት ምንም አልገዛም።

2. ዋጋ በቀን ሁለቴ ብቻ አያለሁ፤ ሲከፈትና ሲዘጋ። በመሃል የማየው ክፍት ኮንትራት ካለኝ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥም መበተን ነው፤ ያን ጊዜ መጋዘን ብትሄድበት ይሻላል።

3. አዲስ ሥራ ሲቀርብልኝ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ይህ ሥራ በመኸር ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከቡናው ጣቢያ ያስቀረኛል ወይ? ካስቀረኝ፣ ትርፉ የቱንም ያህል ቢሆን፣ አይሆንም።

ትናንት ደብተሮቹን ከመዝጋቴ በፊት የ2018ቱንም አየሁ። ጎማ የለም። ግን ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው፤ ያጣኋቸው አቅራቢዎች ሁሉ አልተመለሱም። ሦስቱ ተመልሰዋል። አንደኛው ባለፈው ሳምንት ራሱ ደውሎ፣ «መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ። ሐሙስ እወርዳለሁ። ስለዚህ ሐሙስና ዓርብ የዋጋ መግለጫው ቢዘገይ አትታዘቡኝ፤ ቡናው ጋ ነኝ።

መልካም የገበያ ሳምንት።