«ብረት እኮ ነው!» እያላችሁ አትሸውዱን

አብሮኝ ሠርግ የሚሠራ ልጅ ዕቁብ ደረሰውና ያገለገለ ዋይድ ዙም ሌንስ ገዛ። ሻጩ ምን አለው? «እስቲ ያዘው፣ ብረት እኮ ነው!» ያዘው፣ ከበደው፣ ከፈለ። ፎቶ አንስቶ እንኳን አላየበትም።

ማታ ብሎኬት ግድግዳ ላይ ሞከርነው። ካሜራውን ከግድግዳው ትይዩ ትራይፖድ ላይ አስቀምጠን፣ አፐርቸሩን ከፍተን፣ በሰፊው ጫፍ። የግራው ጥግ ጥርት ያለ ነው። የቀኙ ጥግ ጭቃ! ደጋግመን አነሳን፣ ያው ነው። ላዩን ብታዩት ግን ጭረት የለውም። ሠርግ ላይ ሃምሳ ሰው ደርድረህ ስታነሳ በቀኝ በኩል የቆሙት አክስቶች ፊት የላቸውም ማለት ነው። ምን ልትላቸው ነው፣ «ሌንሱ ብረት ነው»?

ሊመልስ ሲሄድ «አንተ ጋ ወድቆ ይሆናል» ተባለ። ዕቁቡን ገና ስምንት ወር ይከፍላል።

የኔ ንዴት እዚህ ላይ ነው። ስለ ሌንስ ጥራት ስናወራ የምናወራው ስለ ቆርቆሮው ነው። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች በአንድ መስመር መቀመጥ አለባቸው፤ አንዷ ትንሽ ዘንበል ካለች ዋይድ ላይ ቶሎ የሚያሳብቀው ጥጉ ነው። ዋይድ የምንገዛውስ ጥጉንም ልንጠቀምበት አይደል እንዴ?

ካነን በ2014 ያወጣው 10-18 ሚሊሜትር ካሜራው ላይ የሚገጥመው ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው፣ 240 ግራም ብቻ። «መጫወቻ» ይሉታል። የውሃና የአቧራ መከላከያ ጎማ የለውም፣ ይሄን አልክድም። ግን ደህና ፕላስቲክ ሲመታ ትንሽ ሰጥቶ ይመለሳል፤ ስስ ብረት ተጣሞ ይቀራል። የተጣመመ ጥርስ ላይ ፊልተር ለማሰር የታገለ ሰው ያውቀዋል።

ውሃም ለብረት አያዳላም። ጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ዋይድ ይዘህ ሕዝቡ መሃል ነው የምትገባው፣ ውሃው ሲረጭ አንተም ትጠመቃለህ። ያኔ የሚያድንህ ማውንቱ ላይ ያለችው ቀጭን ጎማ ናት። እሷም ብቻዋን አትበቃም። የ2007ቱ ካነን 16-35 ኤፍ 2.8፣ ያ ውዱ፣ ዙም ስታደርገው የፊት ብርጭቆው ስለሚንቀሳቀስ ውሃና አቧራ በበዛበት ቦታ ፊልተር እሰሩበት ይላል የራሱ መመሪያ። ስንቶቻችን አንብበነዋል? (እኔ ራሴ ያነበብኩት አቧራው ከገባ በኋላ ነው፣ አትሳቁ።)

ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች፣ ክብደቱን አትንገሩን፣ መመዘን እንችላለን። ካሜራችንን ይዘን ስንመጣ በራችሁ ላይ ያለውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ አስነሱን፣ አራቱንም ጥግ አጉልተን እንይ። አይሆንም የሚል ካለ ብሩን ይዘን እንመለሳለን።