ጧሪው በባሕር ማዶ፥ መዝገቡ በአገር ቤት

ወላጅን መጦር በኢትዮጵያ ከጥንት የቆየ የልጅ ዕዳ ነው። ሕግም ይህንኑ አጽንቶታል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ተወላጅ እርስ በርሳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ነገር ግን ልጁ በሚኒያፖሊስ ወይም በለንደን፥ እናቲቱ በጅማ ከተማ በአወቱ መንደራ በሆኑ ጊዜ ይህ ዕዳ በሁለት መንግሥታት ሕግ መካከል ይወድቃል። ገንዘብ በባንክ ይላካል፤ ገንዘብ ግን በሽተኛን አያገላብጥም፥ በሌሊትም ውሃ አያቀብልም። ስለዚህ ከጅማ፥ ከአጋሮና ከሊሙ ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች የታመሙ ወላጆቻቸውን ወደ ቤታቸው ለመውሰድ ይደክማሉ።

በአሜሪካ ሕግ ወላጁን ለማስመጣት የሚያመለክተው ዜግነት ያገኘና 21 ዓመት የሞላው ልጅ ብቻ ነው። በዕጣ ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ግን አስቀድሞ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ቆይቶ ዜጋ መሆን አለበት፤ በሽታ ደግሞ አምስት ዓመት አይታገሥም። ልጁም ወላጁ በመንግሥት ላይ ሸክም እንዳይሆኑ በፊርማው ዋስ ይሆናል። ከዚህም በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር በጥር 2026 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት፥ መጤዎች የሕዝብ ርዳታ ጥገኛ ይሆናሉ በሚል ምክንያት፥ ኢትዮጵያ ለምትገኝባቸው 75 አገሮች ሰዎች የመኖሪያ ቪዛ መስጠትን ለጊዜው ማቆሙን አስታውቆአል።

እንግሊዝ በ2012 ያወጣችው ደንብ ከዚህ ይጠባል። ወላጁ የዘወትር አስታማሚ የሚያስፈልጋቸው መሆናቸውና ልጁ ገንዘብ ቢልክ እንኳ ይህን በአገራቸው ሊያገኙ አለመቻላቸው መረጋገጥ አለበት። እንግዲህ ደኅና ገንዘብ የሚልከው ልጅ «በጅማ አስታማሚ ቅጠርላቸው» ይባላል፤ ገንዘብ ያነሰው ደግሞ «ያለ መንግሥት ርዳታ ልትጦራቸው አትችልም» ተብሎ ይመለሳል። አንድ መንግሥት የሐኪም ቤቱን ወጪ መጠበቁ አያስነቅፈውም፤ ነገር ግን በዚህ በር የሚገባው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የተገባ ነው። ካናዳም ወላጅ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት የሚቆዩበት ቪዛ አላት፤ ለርሱ ግን ቢያንስ የ100,000 የካናዳ ዶላር የሕክምና መድን ይጠየቃል።

የባዕድ አገርን ሕግ የጅማ ሹም ሊለውጠው አይችልም። በእጁ ያለው መዝገቡ ነው። የውጭ አገር ቆንስል አስቀድሞ የሚጠይቀው «እኚህ በእውነት እናትህ ናቸውን?» ብሎ ነውና። የኢትዮጵያ ሰው ስም የራሱ፥ የአባቱና የአያቱ ነው፤ የእናቱ ስም በዚያ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ የእናትና የልጅ ዝምድና የሚታወቀው በልደት ወረቀት ብቻ ይሆናል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ግን በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ሥራው የተጀመረው በ2008 ነው፤ ዛሬ የሸመገሉት ቀርቶ ጐልማሳ ልጆቻቸውም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ወረቀቱ የሚጻፈው እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ በምስክር ቃል ነው።

በጅማ ደግሞ የፊደል ነገር አለ። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ «ሲ» በተባለው ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ በፓስፖርት ላይ ግን እንደ እንግሊዝኛው ልማድ «ሲ»ና «ኤች» ተጋጥመው ይጻፋሉ። ፈረንጁ መርማሪ አንዲቱን ሴት ሁለት ሴቶች አድርጎ ያያታል። የልደት ዘመንም ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ ጸሐፊው ሰባቱን ወይም ስምንቱን ዓመት ቢዘነጋ እናቲቱ በአንዱ ወረቀት 70፥ በሌላው 78 ዓመት ይሆናቸዋል። ማስረጃው ባልበቃ ጊዜ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው የዘር ምርመራ ይታዘዛል፤ ወጪውም የልጁ ነው።

ቆንስሎች ያለ ምክንያት አይጠራጠሩም፤ ዘመድ ያልሆነውን ዘመድ አድርገው ያቀረቡ ሰዎች አሉ። ያለ ምርመራ የሚመታ ማኅተም የሚጐዳው እውነተኛውን ልጅ ነው። የጥምቀት መዝገብ የያዘ ካህንም፥ የጋብቻን ውል የጻፈ ቃዲም የእናቲቱን ስም አሟልቶ ቢጽፍ ለዚህ ቀን ትልቅ ማስረጃ ይሆናል። የቀበሌው ጸሐፊም ከፓስፖርቱ ጋር ሳያስተያይ ስም ባይጽፍ፥ ከአልጋ መነሣት ለማይችሉትም ራሳቸው ካልቀረቡ ከማለት ቤታቸው ድረስ ሰው ቢልክ፥ አዲስ ሕግ የማይፈልግ ሥራ ነው።

ለአሜሪካ የመኖሪያ ቪዛ በአዲስ አበባ የሚደረገው የሐኪም ምርመራ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር በላይ አይጸናም። አንድ ፊደል እስኪታረም ይህ ጊዜ ያለፈባቸው እንደ ሆነ የታመሙት እናት 350 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ተደግፈው እንደ ገና ይሄዱታል።