ጨዋ እና ባላገር፣ በእንግሊዝኛም

ባለፈው ዓመት አባቴን ይዤ ለአንድ የይዞታ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተራቸውን ጠበቁ። ወረቀቱን የተቀበለው ወጣት ገረፍ ገረፍ አድርጎ አየና «አይ ባላገር! ፋይሉ የለም፤ ሌላ ቀን ኑ» ብሎ መለሰላቸው። አባቴ ወረቀታቸውን አጥፈው «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከኋላችን የቆመ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው!» አለኝ።

ስድቡም ምስጋናውም አብረውኝ ቤት ገቡ። እንጀራዬ እንግሊዝኛ ማስተማር ነውና፣ እንደ ልማዴ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ።

ተማሪዎቼ «ጄንትል» የሚለውን «ገር፣ ለስላሳ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ትክክል ናቸው። ቃሉ ግን ሲወለድ ገርነት አልነበረበትም። ሥሩ ላቲን ሲሆን የአንድ ጎሣ አባል ማለት ነበር። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የገዢው ወገን ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ቃሉም በዚያው በኩል «ከደኅና ዘር የተወለደ» የሚል ትርጉም ይዞ ገባ። ለስላሳነቱ የመጣው ከዘመናት በኋላ ነው። «ኮርቲየስ» ከቤተ መንግሥት፣ «ኧርቤን» ከከተማ ተቀዱ። ገበሬውስ? ዛሬ በፊልም ላይ ክፉውን ሰው የምንጠራበት «ቪለን» የጌታ ርስት ላይ የሚያርስ ሰው ስም ነበር። ባለጌ የሚባልበት «ቡር»ም ገበሬ ማለት ነው። ለባላባቱ ምርቃት፣ ለአራሹ ስድብ፤ ድልድሉ ይህን ይመስላል።

በእንግሊዞች ከመሳቃችን በፊት ግን ወደ ቤታችን እንይ። «ጨዋ» በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በየአውራጃው የሚሠፍር የንጉሥ ጭፍራ መጠሪያ ነበር። ባሪያ ያልሆነ፣ ነጻ የተወለደ ሰውም ጨዋ ይባላል። (በቤተ ክህነት ደግሞ ትምህርት ያልዘለቀው ማለት ነው፤ ይህን ለሚያሞግሱኝ ሁሉ አልነግርም።) «ባላገር»ስ? ባለ አገር፤ የአገር ባለቤት! ከዚህ የሚበልጥ ማዕርግ ከየት ይመጣል? እኛ ግን በመስኮት በኩል እንወረውረዋለን። ቃላቱን የሠየመው ጉልበት እንጂ ምግባር አይመስለኝም።

የቃላት ዕጣ ግን አንዴ የተቆረጠ አይደለም። «ናይስ» ሲገባ «የማያውቅ፣ ሞኝ» ነበር፤ ከፍ ብሎ ምስጋና ሆነ። «ሲሊ» በአንጻሩ «ብፁዕ» ነበር፤ ወርዶ ወርዶ ቂል ሆነ። የእኛ «የዋህ»ም በዚሁ ቁልቁለት ላይ ያለ ይመስለኛል፤ በተራራው ስብከት የተመሰገነበትን ቃል ዛሬ ገበያ ውስጥ በቀላሉ ለሚታለል ሰው እንሰጠዋለን። ጄፍሪ ቾሰርም በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ፣ በዘሯ ማነስ ያፈረባትን ባላባት ባሏን አንዲት አሮጊት ስትገሥጸው ያሳየናል። ጨዋነት ከአባት የሚወረስ ሳይሆን ከሥራ የሚገኝ መሆኑን ታስረዳዋለች። ክርክሩ ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ከእንግሊዝኛው ሁሉ ልቤ ያረፈው «ካይንድ» ላይ ነው። እርሱም ከዘር ተነሥቷል፤ ሥሩ ከዘመድ ስም ጋር አንድ ነው። ግን ዘርን ሌላውን ለማራቅ አልተጠቀመበትም። ባዕዱን እንደ ዘመድ ማየት ወደሚለው አደገ።

ከመሥሪያ ቤቱ ስንወጣ ንዴቴን መዋጥ አቅቶኝ አባቴን «ለምን ዝም አሉት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ዝምታቸውን ሰዉ ጨዋነት ሲለው፣ እኔ ደግሞ ሽንፈት ብዬ ልተረጉመው ደርሼ ነበርና። እርሳቸው ከዘራቸውን ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተከሉና ትንሽ አሰቡ።

«ልጁን አላየኸውም እንዴ? ቁርስ የቀመሰ አይመስልም» አሉኝ።

ፋይሉ እስካሁን አልተገኘም።