«የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው» አትበሉን!

ቀለበቱ ብየዳው ላይ ለቀቀ፤ «የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው»። ጉትቻው ጆሮ አቆሰለ፤ «የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው»። የጨሌው ክር በሳምንቱ ተበጥሶ ዶቃው ታክሲ ውስጥ ተበተነ፤ አሁንም «የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው»። እንዴ! እጅ ምን አደረገ? ቀሳውስቱ የሚያሳልሙን የድሮ የብር መስቀል በምን የተሠራ መሰላችሁ?

ባዛር ላይና ቴሌግራም ላይ ጌጥ እየሠራችሁ የምትሸጡ ወጣቶች በዝታችኋል። ከመሃላችሁ ያስተማርኳችሁም አላችሁ። እሰየው ነው። ገዢ ግን አንዴ ይታለላል እንጂ ሁለተኛ ከውጭ የመጣውን የፋብሪካ ዕቃ ይገዛል። ያኔ ገበያ የሚያጣው የዋሸው ብቻ አይደለም፤ በደንብ የሠራውም አብሮ ነው።

በብየዳው ልጀምር፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ እሱ ነው። «አልይዝ አለኝ» የምትሉት መገጣጠሚያው ስለቆሸሸ ወይም ክፍተት ስላለው ነው። ብየዳ ቀዳዳ መድፈኛ ጭቃ አይደለም። ሁለቱ ጫፎች ብርሃን እስከማያሳልፉ ድረስ ካልገጠሙ አይሞላላችሁም። ሞርዱት፣ ቅባቱን እጠቡት፣ ቦራክስ ቀቡት። ከዚያ እሳቱን ብየዳው ላይ አትደቅኑ! ብየዳው ቀድሞ ከሞቀ ድቡልቡል ብሎ እዛው ይቀራል፤ ሲቀልጥ የሚሮጠው ወደ ሞቀው ብረት ነው። ቀለበቱን በሙሉ አሙቁ፣ በተለይ ወፍራሙን ጎን፤ ያኔ ራሱ ፈስሶ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ንጹሕ ብር 962 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ 925 የሚባለው ግን መዳብ ስላለበት ከዚያ በፊት መላላት ይጀምራል፤ ስለዚህ ዓይናችሁ ከቀለሙ ላይ አይነሳ።

ይሄ ሲያቅታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበትን እርሳስና ቆርቆሮ የሚያንጠባጥቡ አሉ። እሱን ስንፍና ብቻ ብዬ አላልፈውም። መጀመሪያ ነገር አይጠነክርም። ነገ ደግሞ ሌላ አንጥረኛ ሊያስተካክለው ሲያግለው እርሳሱ ብሩን እየበላ ይቦረቡረዋል። ደግሞስ እርሳስ መርዝ አይደል እንዴ? ሕፃን ልጅ የእናቱን ሐብል አፉ ውስጥ እንደሚከት የማያውቅ አለ?

ስትቀጠቅጡ የሚሰነጠቅባችሁም ምስጢር የለውም። ብር በተመታ ቁጥር ይጠጥራል። ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግላችሁ አቀዝቅዙት፣ እንደገና ይለሰልሳል። ክሩም ቢሆን፣ የነሐስ ዶቃ ቀዳዳ አፉ ስለት ስለሚሆን ነው የሚቆርጠው፤ አፉን በቀጭን ሞረድ ማለስለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ውሸት ልምጣ። «ብሩ ጠቆረብኝ» ላለች ደንበኛ «ደምሽ ነው፣ አልተስማማሽም» ይሏታል። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ልትሄድ ምንም አልቀራት! ብር የሚጠቁረው ድኝ ሲያገኘው ነው። ድኝ ደግሞ እንቁላል ውስጥ አለ፣ ሽንኩርት ውስጥ አለ፣ ሱፍና ጎማ ውስጥ አለ፣ አየሩ ውስጥም አይጠፋም። ጠቆረ ማለት ውሸት ነው ማለትም አይደለም። አያቶቻችን ጌጥ ያሠሩበት የነበረው፣ 1780 የሚል የተጻፈበት የማርትሬዛ ብር ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ እሱም ይጠቁራል። ሳህን ላይ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ጌጡን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ቤኪንግ ሶዳና ጨው ጨምራችሁ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ድኙ ከብሩ ለቆ ይሄዳል፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸታችሁ ለዚህ ነው። ብሩ ሳይፋቅ ይመለሳል።

ግን ኦፓል ያለበትን ቀለበት እዚያ ውሃ ውስጥ የከተተ ወዮለት። የወሎው፣ የደላንታው ኦፓል ውሃ ይጠጣል። እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው፤ ያ የሚንቦገቦገው ቀለሙ ይጠፋና ተራ መስታወት ይመስላል። ገዢዋ «ዕንቁው ሞተ፣ ሸወዱኝ» ብላ ታለቅሳለች፤ ሻጩም የሚመልስላት ያጣል። አልሞተም እኮ፣ ጠግቦ ነው! ጥላ ውስጥ ለቀናት ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ካስቸኮላችሁት ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ዘይትና ሽቶ ከጠጣም ላይለቅ ይችላል። ይሄን ለገዢ መንገር ስንት ብር ያስከፍላል? እናንተም ብየዳችሁን ሳትጨርሱ ድንጋዩን አታስቀምጡ።

ጆሮ ያቆሰለው ጉትቻስ? ብዙውን ጊዜ «ጀርመን ሲልቨር» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ስሙ ነው እንጂ ብር የሚባል ነገር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ኒኬል ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1994 እ.ኤ.አ. ገደብ ያወጣበት በከንቱ አይደለም። ሌላው ቢቀር በጆሮ ቀዳዳ የሚያልፈውን ሽቦ ብር አድርጉት፤ ቀጭን ሽቦ ናት፣ አታከስራችሁም።

ከጥይት ቀልሃ ጌጥ የምትሠሩ ደግሞ፣ ሐሳባችሁን እወደዋለሁ፤ ግን ስትሠሩ በርና መስኮት ክፈቱ። ቀልሃ መዳብና ዚንክ ነው፤ ሲቀልጥ የሚወጣው ነጭ ጭስ ዚንኩ ነው። ስታጥኑት ትውሉና ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣችኋል።

«መምህር፣ ዕቃው ውድ ነው፣ ቦራክስ እንኳ እንደልብ አይገኝም» ትሉኝ ይሆናል። ይገባኛል፣ ኑሮው ለሁላችንም ያው ነው። በነሐስ መሥራት ነውር ነው ያለ የለም። ነሐስ መሆኑን ንገሩት፣ ላብ ሲነካው ቆዳ አረንጓዴ እንደሚያደርግ ንገሩት፣ ሰው ወዶት ይገዛል። ብር ነው ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ስም አለው።

እኛ አንጥረኛውን «ጠይብ፣ ቡዳ» እያልን፣ ጋብቻ እየከለከልነው፣ ከእጁ የወጣውን መስቀል ስንሳለም የኖርን ሰዎች ነን። ቤተ እስራኤሎች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዐፄ ምኒልክ ባለእጁን በሥራው የሚሳደብን በአዋጅ እስከመከልከል የደረሱት ስድቡ ሥር ስለሰደደ ነው። «የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው» የምትለዋ ሰበብም ከዚያው ጓዳ የወጣች ናት፤ በእጅ የተሠራ ሁሉ ጎዶሎ ነው ማለት ናት። ድሮ የሚሳደበው ሌላው ነበር፤ ዛሬ ባለእጁ ራሱን በራሱ ይሰድባል፣ ያውም ብር እየተቀበለ!

ለማንኛውም፣ አልይዝ ያላችሁ ብየዳ ካለ ፎቶውን ኮሜንት ላይ ጣሉት። ከጀርባው አንሱት እሺ፤ ፊቱንማ ሁላችሁም አሳምራችሁታል።