ጳጉሜን 6 በገዳሪፍ መዝገብ

የመረጃ ቋቱ ነዳፊ ራሱ የሚቀርጸው የውሂብ ዓይነትና በዓይነቱ ላይ የሚጠራው ሜተድ፣ ማለትም ከዓይነቱ ጋር አብሮ የሚቀመጥ ስሌት፣ ትርፍ ጌጥ ናቸው፣ ተራ ዓምድ ይበቃል የሚለው ተደጋግሞ የሚጻፍ አቋም በሱዳኗ ገዳሪፍ ሲፈተን አይቆምም። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ በሐምዳይት በኩል ተሻግረው ኡም ራኩባ መጠለያ ከገቡት ስደተኞች መካከል ጳጉሜን 6 ቀን 1991 የተወለደ ሰው ቢኖር፣ ተራው የቀን ዓምድ 13ኛ ወር ስለማያውቅ መዝጋቢው ወይ በቃሉ አስልቶ ወይ ገምቶ ሌላ ቀን ለመጻፍ ይገደዳል፤ ይህም በሰው ማንነት ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ዓይነቱ ግን ቀኑን እንደተነገረ ይይዛል፤ «ስ.ልደት.በጎርጎርዮስ()» ተብሎ ሲጠራ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1999ን ይመልሳል።

በኦራክል የመረጃ ቋት የሠንጠረዡን ምትክ ስም፣ እዚህ ላይ «ስ»ን፣ እንዲሁም ባዶም ቢሆን ቅንፉን መጻፍ ግዴታ መሆኑ ጀማሪን ያደናግራል፤ ፖስትግሬስም ሜተድ ስለሌለው ዓይነቱን በሚቀበል ተግባር ይተካዋል። ስሌቱ ለየፕሮግራሙ ይተው የሚሉት ወገኖች ግን አንዱ ፕሮግራም የጳጉሜን 6ኛ ቀን በዘነጋ ጊዜ አንድ ልጅ በሁለት መዝገብ ሁለት የልደት ቀን እንደሚኖረው ሊክዱ አይችሉም።