አንፈርምም

ሰሞኑን በየዶርሙ አንድ ወረቀት ይዞራል። ሁለት ገጽ ነው፤ አንደኛው ገጽ አቤቱታ፥ ሁለተኛው ገጽ የፊርማ ቦታ። ማታ ማታ በር እያንኳኩ «አንዴ ፈርሙልን» ይላሉ። ብዙዎቻችን ሳናነበው ፈርመናል። እንግዲህ የፈረምንም ያልፈረምንም አንድ ጊዜ ረጋ ብለን እናንብበው።

የአቤቱታው ቃል ሲጠቃለል ይህን ይላል። ላይብረሪው ጠቧል፤ ወንበር ለመያዝ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት መሰለፍ ግድ ሆኗል። የካፌው ሰልፍ ከአዳራሹ ውጭ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው የሪሜዲያል ተማሪዎች ግቢያችን ስለገቡ ነው። ስለዚህ እስከ ፈተናው ማብቂያ ላይብረሪው ለ«መደበኛ» ተማሪዎች ብቻ ይፈቀድ፤ ሪሜዲያሎቹ በየመማሪያ ክፍላቸው ያንብቡ።

እኛ ይህን አንፈርምም። ከእኛ መካከል ቀድሞ የፈረመ ካለም ስሙ ይሰረዝለት።

ችግር የለም እያልን አይደለም። እኛም በዚያው ሰልፍ ቆመናል፤ እኛም ደብተር ታቅፈን ደረጃ ላይ ተቀምጠን አንብበናል፤ ወጡ አልቆ ዳቦ በሻይ በልተን ያደርንበት ቀንም አለ። ወንበሩ አንሷል፤ ሀቅ ነው። ግን ወንበር ሲያንስ ሰው ይቀነሳል ወይስ ወንበር ይጨመራል? ወረቀቱ ወንበር አልጠየቀም። ተጨማሪ ክፍል አልጠየቀም። ላይብረሪው ሌሊቱን እንዲከፈት እንኳ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእኛ በታች የመሰለንን ሰው ከወንበሩ ማስነሳት። ለአስተዳደሩ ከዚህ የረከሰ አቤቱታ ከየት ይመጣለታል? አንድ ሳንቲም አያስወጣውም። ማስታወቂያ ጽፎ፥ ማኅተም መትቶ በር ላይ መለጠፍ ነው። አህያውን ቢፈሩ ዳውላውን መቱ ይሏል ይኸ ነው!

ደግሞስ ነገሩ የላይብረሪ ብቻ ነው እንዴ? ላውንጅ ውስጥ የሚባለውን ሁላችንም እንሰማለን። «ድሮ ዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ አሁን ማንም እየገባ ደረጃው ወደቀ» ይባላል። «ሪሜዲያል ነህ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ስድብ ሆኗል፤ ሌክቸር ላይ ጥያቄ የሳተ ልጅ በዚህ ቃል ይሳቅበታል። ሳንዋሽ እንናገር ከተባለ እኛም ስቀናል።

ለመሆኑ የምንስቀው በማን ነው?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። የ2015 ዓ.ም. ፈተናም ቢሆን ከ3.2 ከመቶ አላለፈም። በሁለቱም ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ከአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ቢወድቅ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ይባል ይሆናል። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤት እንዳለ ሲወድቅ ግን የወደቀው ተማሪው ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ? ከዚህ በኋላ ነው ከማለፊያው በታች ሆነው የተሻለ ነጥብ ያመጡት ተመርጠው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የገቡት። ተጨማሪ ትምህርት ይማራሉ፥ እንደገና ይፈተናሉ፥ ያለፈው ፍሬሽማን ይሆናል፥ የወደቀው ሻንጣውን ይዞ አገሩ ይገባል። ሪሜዲያል ማለት ይኸው ነው። በነጻ የታደለ ዲግሪ የለም።

ከዶርማችን ፊት ለፊት የሚኖር አንድ የሪሜዲያል ልጅ «አሲድ የሚባለውን ነገር በስዕል ነው የማውቀው» አለን። ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የለውም። የፊዚክስ መምህር ከመንፈቅ በላይ አልቆየላቸውም። በአጨዳ ወራት ደግሞ ቤተሰቡን ማገዝ አለ። ከእኛ መካከል ከከተማ የመጣነው ላቦራቶሪ ገብተን፥ አስጠኚ ተቀጥሮልን፥ የቀደሙትን ዓመታት ጥያቄዎች በጥራዝ ገዝተን ነው ያለፍነው። በእኛና በእሱ መካከል ያለውን ልዩነት «ጭንቅላት» ብለን ጠራነው። እኛ በእሱ ቀዬ፥ እሱ በእኛ ሰፈር ቢወለድ ኖሮ ዛሬ ወረቀቱን የሚያዞረው ማን ይሆን ነበር?

ይህ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። የእኛ ሪሜዲያል ጠባብ በር ነው፤ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተበት አገርም ነበርና ምን እንደደረሰበት እንይ።

በኒውዮርክ ከተማ ሲቲ ኮሌጅ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1847 ሲቋቋም የከተማይቱን ልጆች ያለ ክፍያ እንዲያስተምር ነበር፤ «የድሆች ሀርቫርድ» እስከ መባል ደርሷል። ይሁን እንጂ የመግቢያው ነጥብ እየናረ ሄደና፥ በሃርለም በጥቁሮች ሰፈር ከኮረብታ ላይ የተሠራው ኮሌጅ ተማሪዎቹ በአብዛኛው ነጮች ሆኑ። የሰፈሩ ልጅ ግቢውን በአጥር እያየ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1969 የኮሌጁ ጥቁርና ፖርቶ ሪካዊ ተማሪዎች የግቢውን ደቡባዊ ክፍል ይዘው ሁለት ሳምንት ያህል ዘጉት። ካቀረቧቸው አምስት ጥያቄዎች አንዱ የአዲስ ገቢው ስብጥር የከተማይቱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይምሰል የሚል ነበር። ልብ በሉ! እነዚህ ልጆች እነሱ ገብተዋል። ወንበራቸውን ይዘዋል። የተነሡት ላልገባው ነው። እኛ ደግሞ የገባውን ለማስወጣት ፊርማ እንሰበስባለን።

እ.ኤ.አ. በ1970 መኸር የከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ በሩን ከፈተ፤ ከኒውዮርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጨረሰ ሁሉ ከኮሌጆቹ በአንዱ ቦታ ያገኛል ተባለ። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ገቢው ከ20,000 ገደማ ወደ 35,000 ገደማ ዘለለ። ግቢው ጠበበ፤ ክፍል ጠፍቶ ቤት ተከራዩ። መምህራን አጉረመረሙ። ጋዜጦች «ኮሌጁ ሞተ» የሚል ሙሾ አወረዱ። የእኛ ላውንጅ ወሬ እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያረጀ ነው ማለት ነው።

ደግሞም በሩ የተከፈተው በጥቁሮቹ ጩኸት ቢሆንም የገባበት ጥቁሩ ብቻ አልነበረም። ከገቡት መካከል እጅግ ብዙዎቹ የነጭ ሠራተኛ ልጆች፥ የጣሊያንና የአይሪሽ ስደተኞች የልጅ ልጆች ነበሩ። አባቶቻቸው ያንን ጩኸት በቴሌቪዥን እያዩ ሲራገሙ የነበሩ ሁሉ ልጆቻቸውን በዚያው በር አስገቡ። ለሌላው የተከፈተ በር የራስህም ልጅ ይገባበታል።

በዚያ ኮሌጅ ሚና ሾግነሲ የምትባል የድርሰት መምህርት ነበረች፤ ለአዲሶቹ ገቢዎች የተቋቋመውን የመሠረታዊ ጽሕፈት ትምህርት የምትመራው እርሷ ነበረች። ሌላው መምህር የተማሪውን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አድምቶ ሲጥል፥ እርሷ ወደ 4,000 የሚጠጉ የፈተና ድርሰቶችን ሰብስባ ስሕተቶቹን አጠናች። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመው መጽሐፏ የደረሰችበት ቁም ነገር ይህ ነው፦ እነዚህ ተማሪዎች ደደቦች አይደሉም፤ ጀማሪዎች ናቸው። ስሕተታቸውም እንዲሁ የተበተነ አይደለም፤ የራሱ መንገድና ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያገኘ መምህር ያቃናዋል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1975 ባደረገችው ንግግር ነገሩን ገልብጣ አስቀምጣዋለች። «ተማሪው ለዩኒቨርሲቲ ዝግጁ ነው ወይ?» እያልን ከምንጠይቅ መምህሩ ለተማሪው ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ እንጠይቅ አለች። መምህሩ የሚያልፍባቸውንም ደረጃዎች ዘረዘረች፤ የመጀመሪያውና ዝቅተኛው ማማ ላይ ወጥቶ ከመጪው ሰው ግንቡን መጠበቅ ነው፤ የመጨረሻው ከተማሪው ጋር ወደ ውኃው መግባት።

እኛ ታዲያ የት ነን? ማማው ላይ ነና! ያውም ገና መምህር ሳንሆን፥ ከፍሬሽማንነት በወጣን በዓመት በሁለት ዓመታችን።

ዩኒቨርሲቲን በር መክፈት ይለውጠዋል የሚሉት እውነታቸውን ነው። ይለውጠዋል። የተዘጋጀ ተማሪ ብቻ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ማስተማርን አያውቅም፤ ሌላው ያስተማረውን ተቀብሎ፥ አራት ዓመት አስቀምጦ፥ ሰርተፊኬት ይሰጠዋል። ያልተዘጋጀው ሲመጣ ግን መምህሩ ያንኑ የቢጫ ወረቀት ኖት እያነበበ መውጣት አይችልም፤ «ያልገባችሁ?» ሲል የሚነሣው እጅ ብዙ ነው። እስቲ ከእኛ መካከል በፍሬሽማን ዘመኑ ምንም ሳይገባው «ገብቶኛል» እያለ አንገቱን ያልነቀነቀ ማን ነው? ያ የሚነሣው እጅ የእኛንም ጥያቄ ይጠይቅልናል።

ስለ ደረጃም ከተነሣ ደረጃ የሚለካው በመግቢያው ሳይሆን በመውጫው ነው። ሐኪም ቤት የሚመሰገነው ጤነኛ ሰው መርጦ ስላስተኛ አይደለም።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን እንስማ። «ኒውዮርክ ላይ ብዙዎቹ አቋርጠው ወጡ አይደለም ወይ?» ይላሉ። አዎን፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢዎች እጅግ ብዙው ሳይመረቅ ወጥቷል፤ ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አያበቃም። አቴዌልና ላቪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1972 በዚያ በር የገቡትን ሴቶች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፈልገው አነጋገሯቸው፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 በመጽሐፍ አወጡት። ከመቶ ከ70 የሚበልጡት እየሠሩም፥ እየወለዱም፥ እያቋረጡም እየተመለሱም በመጨረሻ ዲግሪ ይዘዋል። ልጆቻቸውም በትምህርት ገፍተው ተገኝተዋል። በአራተኛው ዓመት የቆጠረ «ወደቁ» አለ፤ በሠላሳኛው ዓመት የቆጠረ ግን ሌላ አየ።

ታዲያ በሩን ምን ዘጋው? የተማሪው ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የኒውዮርክ ከተማ ካዝና ባዶ ሆነ። መምህራን በብዛት ተባረሩ። በ1976 ያ 129 ዓመት ሙሉ በነጻ ያስተማረ ተቋም የትምህርት ክፍያ ጣለ፤ የተማሪውም ቁጥር አሽቆለቆለ። በ1999 ደግሞ የአራት ዓመት ኮሌጆቹ ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠታቸው እንዲቀር ተወሰነ። በሩ ሲከፈት ወንበር፥ መምህርና ገንዘብ ካልተከተለው ይኸው ነው። መጀመሪያ ያጨናንቁሃል፤ ቀጥሎ ስለተጨናነቅህ ይወቅሱሃል፤ በመጨረሻ ወቀሳውን ምክንያት አድርገው ይዘጉብሃል።

እኛ እምንፈራው ይህንኑ ነው። ዛሬ ሪሜዲያሉን ከላይብረሪ ያስወጣ ማስታወቂያ ነገ «የትምህርት ክፍያ ያልከፈለ» ብሎ እኛን አያስወጣም ያለው ማነው? ሰውን በማዕረግ እየለየ ወንበር የሚያድል ሥርዓት አንዴ በፊርማችን ከቆመ፥ ቀጣዩን መስፈርት የምናወጣው እኛ አይደለንም።

አንድ ነገር ደግሞ እናስታውስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በ1950ዎቹም ቢሆን ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር ኢምንት ነበር። እነዚያ ጥቂቶች ዶርማቸው ሰፊ፥ ማዕዳቸው የሞላ ነበር፤ ዝም ብለው ቢበሉ ማን ይከለክላቸዋል? በ1957 ዓ.ም. ግን መሬት ላልነበረው ገበሬ አደባባይ ወጡ። በ1958 ዓ.ም. የከተማይቱ ለማኞች ሾላ በተባለ መጠለያ ታጉረው ሲሰቃዩ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ተሰለፉ። የያዙትን ሁሉ አቋም እንቀበል አይደለም፤ የኋለኛው ዘመን ብዙ ደም አይቷል። ግን ከዓይን እንዲርቅ የተፈረደበትን ሰው ሲያዩ ወዴት እንደቆሙ ይታወቃል። የእኛ ትውልድ ስም የሚነሣው ከላይብረሪ ሰው ለማስወጣት በሰበሰበው ፊርማ ይሁን?

ስለዚህ አንፈርምም ብለን ብቻ አንቀመጥም። ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ እንላለን፤ ይህን ብሎ ይጻፍ፦

ላይብረሪው እስከ ፈተናው ማብቂያ ሌሊቱን ይከፈት። ማታ ተቆልፈው የሚያድሩት የመማሪያ ክፍሎች መብራታቸው በርቶ ለሁሉም ማንበቢያ ይሁኑ። ካፌው የምግብ ሰዓቱን ያራዝም፥ ሁለተኛ መስኮት ይክፈት። ለሪሜዲያል ክፍሎች የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ ሳይሆን ቋሚ መምህር ይመደብ። ይህን ለሚለው ወረቀት እኛ ከሁሉ በፊት እንፈርማለን፤ የሪሜዲያል ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ከጎናችን ይፈርማሉ። ያኔ ፊርማው እጥፍ ይሆናል፤ አስተዳደሩም በማኅተም ብቻ አይገላገለውም።

ከአስተዳደሩ የማንጠይቀው ደግሞ አለ፤ እሱን ራሳችን እናደርገዋለን። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት እንግሊዝኛና ሒሳብ ለማስጠናት ስማችንን የሰጠን አሥራ አንድ ነን። ቀለሜዎች ሆይ፥ እናንተም ኑ። ጂ.ፒ.ኤያችሁ አይቀንስም፤ ያስተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ይማራል። «ሪሜዲያል ነህ እንዴ?» የምትለዋን ቀልድም ከዛሬ ጀምረን ከአፋችን እናውጣት።

ማታ በር ሲንኳኳ ወረቀቱን ተቀበሉ፥ አንብቡት፥ ሳትፈርሙ መልሱት። ለምን ብለው ከጠየቋችሁ የወንበር ጥያቄ ይዛችሁ ስትመጡ እንፈርማለን በሏቸው።